ወደ ሩቅ የወንዝ ገደል ጉዞ፦ ዕቅዱን ከመውጫው ጀምሩ

ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ዞር ብሎ ይወርዳል። የወንዝ ገደል ውስጥ የገባ ሰው ግን ሲደክመው ገና ዳገቱን አልጀመረም። ጠዋት በቀዝቃዛ አየርና በሙሉ ጉልበት ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ፣ ውሃው አልቆ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው መውረጃውን ያቅዳል፣ ወንዙ ዳር የሚነሳውን ፎቶ ያስባል፣ መውጫውን ግን «እንደምንም እንወጣለን» ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኋላ ወደፊት ይሄዳል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። አንዱ ካልተሟላ ወደሚቀጥለው አትለፉ። መመሪያው በእግር ለሚወረድና ስልክ ለማይሠራበት ገደል የተጻፈ ነው። በገመድ መውረድ ወይም በዋና ማለፍ የሚጠይቅ ጠባብ ገደል ከሆነ ግን መጀመሪያ ሥልጠና ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ ወንዙን እወቁ፣ ቀኑን ከዚያ ቁረጡ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የዕረፍት ፈቃድ ይወስዳል፣ ከዚያ ገደሉን ከቀኑ ጋር ለማስማማት ይታገላል። ቀኑን የሚቆርጠው ወንዙ ነው። ለዚህም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለባችሁ።

*የዝናብ ውሃ ከሆነ።* ዝናቡ እንዳባራ ወንዙ ወዲያው አይጎድልም። መሬቱ የጠጣውን ውሃ ቀስ እያለ ይለቃል። መንገዱም ጭቃ ነው፣ ድንጋዩም ከመሬቱ ላልቷል። በሌላ በኩል ደረቁ ወቅት ሊያልቅ ሲል ወንዙ ይመቻል፣ በመንገድ ላይ ያሉት ምንጮች ግን ይደርቃሉ። ምርጡ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው።

*ከበረዶ ግግር የሚቀልጥ ከሆነ።* ወንዙ የሚሞላው በሞቃታማው ወቅት ነው። በቀን ውስጥም ይለዋወጣል። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ይጎድላል፣ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ይሞላል። ከበረዶው በራቃችሁ ቁጥር ሙላቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣል። ጠዋት ጉልበት ድረስ የነበረ መሻገሪያ ማታ ወገብ ድረስ ሊሆን ይችላል።

*ከላይ ግድብ ካለ።* ሰማዩ ጥርት እንዳለ ውሃ ሊለቀቅ ይችላል። ግድቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ጋር ደውላችሁ መቼ እንደሚለቅና ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ከወንዙ አጠገብ አትደሩ።

ቀጥሎ ካርታ ዘርጉና ከገደሉ በላይ ያለውን ተፋሰስ፣ ማለትም ውሃው ተሰብስቦ ወደ ወንዙ የሚፈስበትን መሬት፣ በሙሉ በእስክሪብቶ ክበቡ። የአየር ትንበያ የምታዩት ለዚያ ክብ ነው። እናንተ ለምትቆሙበት ቦታ ብቻ ማየት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሪዞና ውስጥ በአንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች በደራሽ ውሃ የሞቱት ዝናቡ ርቆ፣ ከላይ በኩል ዘንቦ ነው። በ1999 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሳክሰትባክ ገደል 21 ሰዎች፣ በ2018 ደግሞ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ በራጋኔሎ ገደል 10 ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ሞተዋል። ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት በጁላይና በኦገስት፣ ነጎድጓድ በሚበዛበት ሞቃታማ ወቅት ነው።

በመጨረሻ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «ወንዙ አደገኛ ነው ወይ?» ካላችሁ «አይ፣ ምንም አይልም» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ሙላት ውሃው የትኛው ድንጋይ ድረስ ደረሰ? እናንተ የምትሻገሩት በየትኛው መልካ ነው? በየትኛው ወር ፈጽሞ አትሻገሩም?

*ትንበያው ከተበላሸ፦* ጉዞውን ግፉ። ከተፋሰሱ በላይ የነጎድጓድ ዝናብ እየተጠበቀ «እስቲ ሄደን እንየው» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ መውጫውን በካርታ ላይ ፈልጉ

ከመግቢያው በፊት መውጫውን ምልክት አድርጉ። አንድ መውጫ ደግሞ አይበቃም። ሁለተኛው መውጫ *ወንዙን ሳትሻገሩ* የምትደርሱበት መሆን አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁለተኛው መውጫ በማዶ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ወንዙ በሞላበት ቀን ነው። ያን ቀን ደግሞ አትደርሱበትም።

ካርታው ስለሚደብቀው ነገር ተጠንቀቁ። በከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙ መስመሮች) መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር በሆነ ካርታ ላይ 15 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የስልክ ካርታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመራቸውን የሚሠሩት በየ30 ሜትሩ ከተወሰደ የከፍታ መረጃ ነው። ጠባብ ገደል በዚህ መረጃ ላይ ለስላሳ ሸለቆ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ መስመሮቹ ተጠጋግተው ያያችሁበትን ቦታ ሁሉ ገደል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ገደል አለመሆኑን በሌላ ማስረጃ አረጋግጡ።

ሌላው ማስረጃ የሳተላይት ፎቶ ነው። አንዱን ፎቶ ብቻ አትመኑ። የገደል ወለል ብዙ ጊዜ በጥላ ተሸፍኗል። ጉግል ኧርዝ በኮምፒውተር ሲከፈት የተለያዩ ዓመታትና ወራት ፎቶዎችን ያሳያል። ፀሐይ ከአናት በምትሆንበት ወር የተነሳውን ፈልጉ። የከብትና የፍየል ዱካ እንደ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። ዱካው ከአፋፍ እስከ ወንዝ ካልተቋረጠ ጥሩ ምልክት ነው። ፍየል የምታልፍበት ሁሉ ሸክም የያዘ ሰው ያልፍበታል ማለት ግን አይደለም።

አሁን ትልቁ ወጥመድ። ወደ ወንዙ የሚወርዱ ትናንሽ ደረቅ ሸለቆዎች ካርታ ላይ እንደ መንገድ ይታያሉ። ብዙዎቹ ግን ዋናው ወንዝ ጋ ሊደርሱ ሲሉ በደረቅ ፏፏቴ ይቋረጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትልቁ ወንዝ ወለሉን በፍጥነት ይቆፍራል፣ ትንሹ ገባር አይደርስበትምና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ስትወርዱ ፏፏቴውን የምታዩት ጫፉ ላይ ከቆማችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሸለቆ ይልቅ ሸንተረር ምረጡ። ሸንተረር ላይ ወደፊት ይታያል፣ ደራሽ ውሃም አይመጣባችሁም።

*ሁለተኛ መውጫ ካጣችሁ፦* በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ የመውጣቱን ሐሳብ ተዉት። በገባችሁበት የምትወጡበት አጭር ጉዞ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በወረቀት አስሉ

እ.ኤ.አ. በ1892 ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ስሌቱ ቀለል ባለ ሸክምና በጥሩ መንገድ ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ለሸክም፣ ለሙቀትና ለመጥፎ መንገድ ውጤቱን በሁለት አባዙት።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁለቱ 1200 ሜትር ነው እንበል። ለመውጣት 6 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ዳገቱ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ድምሩ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ሁለት ጊዜ ስናባዛው ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ለመውረድ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 3 ሰዓት ያህል ያዙ።

ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆን፣ የመውጫውን 6 ሰዓት ተኩል ስትቀንሱ እኩለ ቀን ይሆናል። ለክፉ ቀን 2 ሰዓት ቀንሱ። ወንዙን መልቀቅ ያለባችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ እንኳ ወንዙ ጋ የምትደርሱት 3 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ቀራችሁ ማለት ነው። ያውም ዳገቱን የምትወጡት ቀኑ በሚያቃጥልበት ሰዓት ነው። ስሌቱ የሚነግራችሁ ነገር ግልጽ ነው፤ ይህ ገደል የደርሶ መልስ ጉዞ አይደለም። ወይ ታች ታድራላችሁ፣ ወይ ግማሽ ድረስ ወርዳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ በወንዙ ዳር በቋጥኝ ላይ መሄድ ካለባችሁ በሰዓት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ አትቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ገደል ውስጥ ከአፋፉ ቀድሞ ይመሻል። ግድግዳው ፀሐዩን ይከልላል።

የመመለሻውን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉና ሁሉም ሰው ያንብበው። ያ ሰዓት ሲደርስ የትም ሁኑ የት ትዞራላችሁ። ለጠቅላላው ጉዞም ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን ከነምግቡ ያዙ። ትርፉ ቀን ወንዝ እስኪጎድል የምትጠብቁበት ነው። እሱ ከሌላችሁ በሙላት ለመሻገር ትገደዳላችሁ።

ደረጃ 4፦ ውሃ፣ ሙቀትና ጭነት

በአማካይ 1000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። አፋፉ ላይ 22 ዲግሪ ከሆነ 1200 ሜትር ታች 30 ዲግሪ ገደማ ታገኛላችሁ። ነፋስ በሌለበት፣ ድንጋዩ ሙቀት በያዘበት ቦታ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ጠዋት አፋፍ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ስለቆማችሁ አትሸወዱ።

*ውሃ።* ስትወርዱ ለመውጫው የሚሆን ውሃ ከመንገዱ አጋማሽ አስቀምጡ። ጠርሙሱ ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ከድንጋይ ሥር በጥላ ደብቁት፣ ቦታውንም ፎቶ አንሱ። ባዶውን ጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ። ሙሉ ሸክም ውሃ ከወለሉ ተሸክሞ ከመውጣት ይህ በጣም ይሻላል።

የወንዝ ውሃ ለመጠጣት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ከደፈረሰ በዕቃ ቀድታችሁ እስኪጠል አስቀምጡት።
2. የጠለለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት።
3. አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ 3 ደቂቃ።
4. ማፍላት ካልቻላችሁ ማጣሪያ ተጠቀሙና ከዚያ የውሃ ማከሚያ እንክብል ጨምሩ።

ሁለቱንም ያልኩት በምክንያት ነው። አብዛኛው የእጅ ማጣሪያ ቫይረስ አያስቀርም። እንክብሉ ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ አይገድልም። አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይሸፍናል። ከላይ ማዕድን ማውጫ ወይም ፋብሪካ ካለ ግን ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃችሁን ከሌላ ምንጭ አግኙ።

ጨው አትርሱ። ብዙ ሰዓት ላብ እያላባችሁ ባዶ ውሃ ብቻ ብትጠጡ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይሳሳል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ነው። የውሃ ጥም ስለሚመስል ሰዎች ሌላ ውሃ ይጨምሩበታልና ይብሳል። ስትጠጡ ጨው ያለው ነገር ብሉ።

*ጭነት።* ከሚከተሉት አንዱ ከጎደለ አትውረዱ፦

- ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ
- ለእያንዳንዱ ሰው ምርኩዝ
- በግንባር የሚታሰር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር፣ ለእያንዳንዱ ሰው
- ፊሽካ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል
- የወረቀት ካርታ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ
- ፓወር ባንክና ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት
- ሰፊ ፋሻ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ የግል መድኃኒት
- ደረቅ ልብስ አንድ ቅያሪ፣ በፕላስቲክ

ሲወርዱ ቀላል የመሰለ ሸክም ሲወጡ ይከብዳል። የካሜራ ማቆሚያው፣ ሁለተኛው ጂንስ፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ቤት ይቅር።

ደረጃ 5፦ ማን ይሄዳል? ቤት የቀረውስ ምን ያውቃል?

ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አራት ሁኑ። አራት ስትሆኑ፣ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ እርዳታ ይጠራሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው በጣም የሚዘገየው ሰው ነው። የደረጃ 3 ስሌት የተሠራው ለእሱ ካልሆነ ከንቱ ነው።

የአካባቢ መንገድ መሪ ያዙ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ በዚህ መውጫ መጨረሻ የሄድከው መቼ ነው? ከመጨረሻው ዝናብ ወዲህ ካልሄደ መንገዱ በናዳ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቦታው ጥብቅ ሥፍራ ከሆነ የመግቢያ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። በር ላይ የሚባክን ግማሽ ቀን የሰዓት ስሌታችሁን ያፈርሰዋል።

ቤት ለሚቀር ለምታምኑት ሰው ወረቀት ስጡ። በቃል መንገር አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የሁሉም ስምና የቤተሰብ ስልክ፣ መግቢያው፣ ሁለቱም መውጫዎች፣ የምታድሩበት ቦታ፣ የጃኬታችሁ ቀለም ይኑር። ሁለት ሰዓት ደግሞ ለይታችሁ ጻፉ። አንደኛው የምትመለሱበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው *ፍለጋ የሚጠራበት* ሰዓት ነው፤ ትርፉን ቀን ጨምራችሁ አስሉት፣ የሚደወልበትንም ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ሰዓት ካልተጻፈ ያ ሰው «ትንሽ ቆይተው ይመጣሉ» እያለ ሁለት ቀን ይጠብቃል። ወረቀቱን ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ መንገድ አትቀይሩ።

*ስለ ሳተላይት መሣሪያ።* የሳተላይት መልእክት መላኪያ ካላችሁ ጥሩ ነው። ገደል ውስጥ ግን የሚታየው ሰማይ ቀጭን ነው። መልእክቱ ሊዘገይ ወይም ጨርሶ ላይሄድ ይችላል። ጂፒኤሱም ከግድግዳው ላይ በሚነጥረው ምልክት ይሳሳትና ማዶ ላይ ያስቀምጣችኋል። ገደሉ ሰፋ በሚልበት ወይም በሚታጠፍበት ቦታ ሞክሩ። ያለ መሣሪያ እርዳታ ለመጥራት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ፊሽካ ንፉ ወይም ባትሪ አብሩ፣ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙት። የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል።

ደረጃ 6፦ የመውረጃው ጠዋት

አፋፉ ላይ ሲግናል እያለ የተፋሰሱን ትንበያ እንደገና እዩ። ወንዙ ከላይ የሚታይ ከሆነ ቀለሙን ልብ በሉ። ቡናማ ከሆነ ከላይ ዘንቧል ማለት ነው። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ የሌለ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል።

ስትወርዱ በየመታጠፊያው ዞር ብላችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ፣ ፎቶም አንሱ። መንገድ ከታች ሲታይ ሌላ ነው። ልቅ ድንጋይ ባለበት አንዱ በሌላው አናት ላይ አይሁን። ድንጋይ ከተንከባለለ ጮኹ፣ «ይቅርታ» ኋላ ይደርሳል።

አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። *መልሳችሁ መውጣት የማትችሉትን ቦታ ዘላችሁ አትውረዱ።* ሁለት ሜትር የምታህል ለስላሳ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ መውረድ ቀላል ነው። ታች ስትደርሱ ቀጥሎ ያለው ፏፏቴ ከሆነ ግን ከላይም ከታችም ተዘግቶባችኋል። ከተጠራጠራችሁ አንዱ ሰው ያለ ሸክም ይውረድና እዚያው መልሶ ለመውጣት ይሞክር፣ ሌላው ከላይ ሆኖ ይጠብቀው።

ወንዙ ጋ እንደደረሳችሁ፣ ጫማ ከማውለቃችሁ በፊት፣ ውሃው ጫፍ ላይ እንጨት ትከሉ። በየግማሽ ሰዓቱ እዩት። ውሃው እንጨቱን ካለፈው ወንዙ እየጨመረ ነው።

ደረጃ 7፦ ወንዙን መሻገር

መሻገር ባይኖርባችሁ ይመረጣል። ካለባችሁ ግን እግር ከመንከራችሁ በፊት የምትወስኑት ነገር ይበዛል።

*ቦታ ምረጡ።* ሰፊውን ቦታ ፈልጉ። ጠባቡ ያጓጓል፣ ግን ጥልቅና ፈጣን ነው። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ይሻላል፤ መታጠፊያ ላይ የውጪው ዳር ጥልቅ ነው። ከዚያ ወደ ታች ሄዳችሁ እዩ። ፏፏቴ፣ የወደቀ ዛፍ ወይም የቋጥኝ ክምር ካለ ቦታው አይሆንም። ብትወድቁ የምትደርሱት እዚያ ነው።

*ለኩ።* እንጨት ጣሉና 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። 10 ሲካፈል ለሰከንዱ ፍጥነቱን ይሰጣችኋል። ጥልቀቱን በምርኩዝ ለኩና በሜትር ቁጥሩን ከፍጥነቱ ጋር አባዙ። ውጤቱ ወደ 1 ሲጠጋ ጠንካራ ሰውንም ይጥላል። እኔ ከ0.5 ካለፈ አልገባም። የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በአራት እጥፍ እንደሚጨምር አስታውሱ። ወለሉ የማይታይበት የደፈረሰ ውሃ ከሆነ፣ ወይም ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ከሰማችሁ፣ ልኬቱም አያስፈልግም። አትግቡ።

*ተሻገሩ፦*

1. የቦርሳውን የወገብና የደረት ቀበቶ ፍቱ። ብትወድቁ ቦርሳው ቶሎ መውለቅ አለበት።
2. ጫማ አታውልቁ። ባዶ እግር ይንሸራተታል፣ ይቆረጣል።
3. ፊታችሁን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ምርኩዙን ከፊታችሁ ትከሉና ተደገፉበት።
4. አንድ ነገር ብቻ አንቀሳቅሱ። ምርኩዝ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። እግሮቻችሁን አታጠላልፉ።
5. ብዙ ከሆናችሁ ጠንካራውን ከላይ አድርጉ፣ ሌሎቹ ከኋላው በሰልፍ ትከሻ ይያዙ፣ አብራችሁ ተራመዱ።

*ገመድ።* ሰውን በገመድ አስሮ ማሻገር ደህና ይመስላል። የወደቀ ሰው በገመድ ሲያዝ ግን ውሃው ወደ ታች ይደፍቀዋል። ሥልጠና ከሌላችሁ ሰው ላይ ገመድ አትሰሩ።

*ውሃው ከወሰዳችሁ፦* ቦርሳውን ጣሉት። በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ወደ ታች በኩል አስቀድማችሁ ጣቶቻችሁን ከውሃው በላይ አድርጉ። በእጃችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ። ለመቆም አትሞክሩ። እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተያዘ ውሃው በላያችሁ ላይ ያልፋል። ውሃው ከጉልበት በታች እስኪሆን ጠብቁ። ፊት ለፊት የወደቀ ዛፍ ከመጣ ግን በሆዳችሁ ገልበጥ ብላችሁ በሙሉ ጉልበት ዋኙና በላዩ ላይ ውጡ፤ ከሥሩ ከገባችሁ መውጣት ይከብዳል።

*ማዶ ሳላችሁ ወንዙ ከሞላ፦* ተቀመጡ። ትንሽ ተፋሰስ ያለው ወንዝ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ይጎድላል። ትርፉ ቀን ለዚህ ነበር።

ደረጃ 8፦ ማደሪያ

አሸዋማው ዳር ለስላሳ ነው። አሸዋውን ያመጣው ግን ሙላት ነው። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ድንጋይ ላይ የቀረ የደለል መስመር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጋደመ ሣር ፈልጉ። ከሁሉም ከፍተኛው ምልክት በላይ ብዙ ሜትር ከፍ በሉ። የገባር መውጫ አፍ ላይ አትስፈሩ። ከላይ አዲስ የተሰበረ፣ ቀለሙ የነጣ ድንጋይ ካያችሁ ያ የናዳ መንገድ ነው።

ከድንኳኑ ወደ ላይ የምትሸሹበትን መንገድ በብርሃን አንድ ጊዜ ሂዱበት። በሌሊት ጫማና ባትሪ እጃችሁ የሚደርስበት ይሁን።

*የደራሽ ውሃ ምልክቶች፦* ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ይደፈርሳል። ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል። ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ወይም ከሰማችሁ ዕቃ አትሰብስቡ። ቀጥታ ወደ ላይ ውጡ። ከገደሉ ወደ ታች በኩል እየሮጡ ውሃውን ለመቅደም መሞከር አያዋጣም።

ደረጃ 9፦ መውጣት

ገና ሳይነጋ፣ በባትሪ ብርሃን ጀምሩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ በጥላ ለማሳለፍ አቅዱ። እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሂዱ። መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። የዘገየው ሰው ፊት ይሁን።

*ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፦* ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ሸሚዙን በውሃ አርሱት፣ ጨው ያለው ነገር ስጡት፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። እስኪሻለው አትንቀሳቀሱ። *ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ* ሕይወት የሚያጠፋ የሙቀት አደጋ ነው። ያላችሁን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት፣ እርዳታ ጥሩ።

*መንገዱ ከጠፋችሁ፦* በእርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። የጠዋቱን ፎቶ አወዳድሩ። «ወደ ላይ እስከሆነ ድረስ» እያሉ መውጣት ገደል ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ያስቀራል።

*ከመሸባችሁ፦* መንገዱ ግልጽ ካልሆነ ባላችሁበት እደሩ። ያላችሁን ልብስ ሁሉ ልበሱ፣ ቦርሳው ላይ ተቀመጡ። ፍለጋ የሚጠራበት ሰዓት ገና ስላልደረሰ ማንም አይደናገጥም።

*እግር ከተሰበረ ወይም እባብ ከነደፈ፦* የተጎዳውን አካል እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ደግፋችሁ፣ ደሙ ሳይታገድ እሰሩት። የእባብ ንድፊያን አትቁረጡ፣ አትምጠጡ። ሁለት ሰው የወረቀት ካርታ ላይ ቦታውን ምልክት አድርጎ ይውጣ፣ አንዱ አብሮ ይቅር። ተሸክሞ በዳገት ማውጣት ለሦስት ሰው የማይሞከር ነው።

አፋፉ ላይ ስትደርሱና ሲግናል ስትይዙ፣ ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን ለያዘው ሰው ደውሉና መውጣታችሁን ንገሩት። ፈቃድ የሰጣችሁን ቢሮም አሳውቁ፤ አለበለዚያ የወጡ ሰዎችን ፍለጋ ሌሎች ሊወርዱ ይችላሉ።